ፍሪሞንት ላይ የሚቋረጠው ዘፈን

በአባቴ መኪና ውስጥ ያለው ካሴት አንዱ ጎኑ የእናቴ ነው፤ የድሮ የአማርኛ ዘፈኖች አሉበት። ሌላው ጎን የአባቴና የእኔ ነው። «የእኔ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ሌላ አካሄድ አይሆንልኝም።

በእኛ ጎን ያሉት አራት እንግሊዛውያን ናቸው። ከአንድ ዝናባማ የወደብ ከተማ ተነስተው መጀመሪያ የአሜሪካ ጥቁሮችን ብሉዝ እየቀዱ ይጫወቱ ነበር። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ እንደ እኩዮቻቸው ፀጉራቸውን አሳድገው ሳይኬዴሊክ ወደሚባለው ሮክ ገቡ። ሳይኬዴሊክ ሮክ፣ ለማያውቀው ሰው፣ ጆሮ ሕልም እንዲያይ የሚሞክር ሙዚቃ ነው። ጊታሩን ይቀዱና ቴፑን ወደ ኋላ ያጫውቱታል፤ ድምፁ አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ይመስላል። የዘፋኙን ድምፅ በኦርጋኑ ማጉያ ያሳልፉታል፤ ሰውየው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። የመጀመሪያው አልበማቸው አጫጭር ዘፈኖች ነበሩት። ሁለተኛው የእኛው ነው። ሦስተኛውን ሲቀዱ ዘፋኙ ስቱዲዮ መምጣት አቆመ፤ ቀሪዎቹ ያለ እሱ ጩኸት የበዛበት ሮክ ሠርተው ተበተኑ። ከዚያ ደግሞ ዋናዎቹ ቴፖች የማን ናቸው በሚለው ከአሳታሚያቸው ጋር ተጣሉ። በዚህ ጠብ ምክንያት ሁለተኛው አልበም እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በሙሉ አይገኝም። የሚገኘው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ እሱም ለሬዲዮ ተብሎ ያጠረው። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ።

ካሴቱን አባቴ ያስቀዳው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ገና ወጣት ሳለ ነው። ያኔ ሸክላ ያለው ሙዚቃ ቤቱ ጋ ብቻ ነው። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይዞ ይሄዳል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ በማግስቱ ተቀድቶ ይጠብቀዋል። አባቴም ካሴቱን ተቀብሎ ቤቱ ሄዶ ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ደህና ሆኖ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደነገጠ። ዘፋኙ አንድ ቃል ጀምሮ፣ ቃሉ ግማሽ ላይ ሳለ፣ ዘፈኑ ቁርጥ ይላል። ትንሽ ዝምታ ይሆንና የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን። ሌላም ካለዎት ይምጡ» ይላል።

አባቴ ካሴቱን ይዞ ተመለሰ። «ዘፈኑ አላለቀም» አለው።

«ይሄ ሳይኬዴሊክ ነው ወንድሜ» አለው ባለ ሙዚቃ ቤቱ። «እነሱ እንዲህ ነው የሚጨርሱት። እብዶች ናቸው።»

አባቴ አመነ። ለምን አያምንም? ከዚያ ሙዚቃ ቤት ያስቀዱት ጓደኞቹ ሁሉ ዘፈኑ እዚያው ቃል ላይ ነበር የሚቆምባቸው።

እኔ ካሴቱን ያወቅሁት ኦክላንድ ከመጣን በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አራት። አባቴ የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልስ ነበር፤ ቅዳሜ ሲያርፍ ሳን ሆዜ ያለችውን አክስቴን ለመጠየቅ ይነዳል። እኔ ከፊት፣ እህቴ ከኋላ። ኤይት ኤይቲ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ካሴቱን ያስገባል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ዘፋኙ ቃሉን ግማሽ ላይ የሚተወው ልክ መሃል መንገድ ላይ ካለችው ከተማ፣ ፍሪሞንት፣ ስንደርስ ነው። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ያመሰግነናል፣ አባቴ ቴፑን ያጠፋል፣ ከዚያ ዘፈኑን ራሱ በፉጨት ይጨርሰዋል።

ያ ፉጨት የእንግሊዞቹን ዜማ ከተቋረጠበት ይቀበለውና ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ሲወርድ ግን ሳይታወቀው ባቲ ቅኝት ውስጥ ገብቶ ያርፋል። ማረፉን እንኳን አያርፍም፤ የመጨረሻው ድምፅ ከቤት በር ላይ ቆሞ እንደማይገባ እንግዳ ነው። እኔ ማፏጨት ስለማልችል ከሥር በጉሮሮዬ አጅበዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እህቴ ከኋላ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ጆሮዋ ውስጥ የራሷን ሙዚቃ ወትፋለች። ስንመለስ የእናቴ ጎን ነው፤ የቤቱ ሕግ እንዲህ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሥራ ይዤም፣ ቅዳሜዬን ለማንም አልሰጠሁም።

አሁን ኦክላንድ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ የሙዚቃ ታሪክ ክበብ አለኝ። የክፍሌ ግድግዳ ላይ የእነዚህን እንግሊዞች ሥራ በየተራው የሚያሳይ ረጅም ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ እያንዳንዱ አልበም በራሱ ቀለም። ባለፈው መስከረም ለተማሪዎቼ የካሴቱን መጨረሻ አሰማኋቸውና እንዲህ ብዬ አስረዳሁ፦ በዚያ ዘመን አንድ አልበም በየአገሩ በተለያየ መልክ ይወጣ ነበር፤ ወደ አፍሪካ የደረሰው ቅጂ ግን ደፋሩ ነው፤ ዘፋኙ ቃሉን የሚቆርጠው ሕልሙን ሳይጨርስ የሚነቃን ሰው ለማሳየት ነው።

አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ሚስ፣ ምናልባት ቴፑ አልቆባቸው ይሆን?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁላት፤ አስተማሪ ለተሳሳተ ተማሪ የሚስቀውን ደግ ሳቅ።

ከዚያ በኋላ ነው እህቴ እጮኛዋን ይዛ እሁድ ምሳ የመጣችው። ልጁ ሳን ሆዜ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው። ፍሪሞንት አጠገብ ባለችው ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሳን ፓብሎና ሪችመንድ ድረስ እየዞረ ሰዎች ከጓዳቸው የሚያወጡትን አሮጌ ሸክላ ይሰበስባል። ረጅም፣ ጨዋ፣ ሁለት ጊዜ «ጨምሪልኝ» ብሎ የበላ። ልጠላው የምችልበት ምንም ነገር አላመጣም፤ ይህ ራሱ አናደደኝ።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሙዚቃ ላይክ ታደርጋለህ... ታደርጋላችሁ... ሶሪ፣ ያደርጋሉ?»

«ደረስክበት፣ ደረስክበት» አለው አባቴ ሳቁን ይዞ።

«ዳድ አንድ ዊርድ ካሴት አለው» አለች እህቴ። «ኢንግሊሽ ባንድ። እሱና እሷ መኪና ውስጥ ቸርች ያለ ይመስላቸዋል።»

አባቴ የቡድኑን ስም ነገረው። ልጁ ሹካውን አስቀመጠ።

«ኖ ዌይ! ሁለተኛውን አልበም? እኔ ሸክላው አለኝ፤ ኦሪጅናሉ!»

እዚህ ላይ ነገሩን መያዝ እንዳለብኝ ተሰማኝ። የቡድኑን ታሪክ ከወደቡ ከተማ ጀምሬ አስረዳሁት፤ ብሉዙን፣ ወደ ኋላ የዞረውን ጊታር፣ የዘፋኙን መጥፋት፣ የቴፖቹን ጠብ። በትዕግሥት ሰማኝ። በመጨረሻ ስለዚያች ስለተቆረጠችው ቃል፣ ስለ ሕልሙ፣ ስለ ድፍረቱ ነገርኩት።

ልጁ እህቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳህኑን አየ። «ግን... እዚያ ላይ አያልቅም እኮ» አለ። «ገና ብዙ ይቀረዋል። ቤስት ፓርቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የአፍሪካው ቅጂ ሌላ ነው» አልኩ።

«የአፍሪካ ቅጂ የለም መሰለኝ።» ድምፁ እያፈረ መጣ። «ካሴቱ በጎን ሠላሳ ደቂቃ አይደል? አልበሙ ከዚያ ይበልጣል። የቀዳው ሰውዬ ቆርጦት ነው።»

አባቴ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ያ ሌባ! ያቺን ማመስገኛውን ሊያስገባ ነዋ የቆረጠው! ‹እብዶች ናቸው› አለኝ እኮ!» እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እብዱስ እኔ!»

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «የእኔ ጎን ግን ሙሉ ነው» አለች። «ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ የማስበው ስለ ግድግዳዬ ወረቀትና እጇን ስላወጣችው ልጅ ነበር። ግን ያ ውርደት ቀላሉ ነው፤ ስህተትን ሰኞ ጠዋት ያርሙታል። ከባዱ ቀጥሎ መጣ።

«ቅዳሜ እኔ ጋ ይምጡ ጋሼ» አለ ልጁ። «ሙሉውን ይሰማሉ። ፒክ አደርግዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ» አለው አባቴ።

ቅዳሜ። ደግሞም «ልጄ»። በአንድ ምሳ ሁለቱንም ወሰደ።

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠራኝ። «በራሳችን መኪና።»

በዚያ ሳምንት እህቴ ደወለች። ስለ አሮጌ ሸክላ ጥቂት ነገር ገለጽኩላት፤ ጭረት እንደሚበዛው፣ ካሴት ላይ ያለው ድምፅ ለስለስ ያለ መሆኑን፣ ሰው ከለመደው ድምፅ በድንገት ቢለይ ጥሩ እንዳልሆነ።

«ሲስ» አለችኝ። «ጄለስ ነሽ።»

«ስለ ድምፅ ጥራት ነው የማወራው።»

«ጄለስ ነሽ። ደግሞ ዩ ኖው ዋት? እኔ ያኔ ከኋላ ሁልጊዜ ተኝቼ አልነበረም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳልጠይቃት ሌላ ወሬ አመጣሁ። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።

እውነቱን ለመናገር የምፈራው ሸክላውን አልነበረም። የምፈራው ፉጨቱን ነበር። አባቴ እውነተኛውን መጨረሻ ከሰማ የራሱን ለምን ይፈልገዋል? ሰው ቤት እስኪሠራ ነው ድንኳን የሚተክለው። ያ ድንኳን ደግሞ እኔ ያደግሁበት ነው። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲያደርሰኝ ካሴቱ እዚያች ቃል ላይ ደረሰና ተቆረጠ፤ ባለ ሙዚቃ ቤቱ አመሰገነን። እኔ ጉሮሮዬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አባቴ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ እንጂ አላፏጨም።

«ምነው?» አልኩት።

«እስቲ ቅዳሜ እንስማውና» አለ።

ቅዳሜ ራሴ ካሴቱን ላስገባ ስል እጄን ያዘኝ። «ተይው የኔ ቲቸር። ጆሮዬን ላሳርፈው።» ኤይት ኤይቲን በዝምታ ወረድን። ፍሪሞንትን ያለ ዘፈን ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ብቻ ያለበት ቦታ መሆኑን ያን ዕለት አየሁ።

የልጁ አፓርትመንት ትንሽ ናት። አንዱ ግድግዳ ሙሉ ሸክላ ነው። ወዲያው የታየኝ አለመደርደሩ ነው፤ በፊደል ተራም አይደለም፣ በዘመንም አይደለም። ብሉዙ ከወንጌል መዝሙሩ ጋር፣ የሱዳን ዘፈን ከእንግሊዞቹ ጋር ተቀላቅሏል። ይህን በማየቴ ትንሽ ደስ አለኝ። ግን የእኛን አልበም ሸክላ ለማውጣት ዞር ብሎ እንኳን አልፈለገም፤ እጁን ሰደደና አወጣው። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

እህቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ልጁ ሸክላውን በጨርቅ ጠርጎ መርፌውን የመጨረሻው ዘፈን ላይ አሳረፈ።

መጀመሪያው የምናውቀው ነው። ኦርጋኑ፣ ከውሃ ውስጥ የሚመጣው ድምፅ፣ ሁሉም በቦታው፤ ብቻ በፊት ድምፁ ላይ መጋረጃ ነበረና አሁን ተነሳ። ዘፋኙ ወደዚያች ቃል ሲቃረብ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፋኙ ቃሏን ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ደረሰ፤ ሄደ። ጨረሳት። ተራ ቃል ነበረች፣ «ማለዳ» ማለት ብቻ።

ከዚያ ከበሮው ወደቀ። ጊታሩ ወደ ኋላ መተንፈስ ጀመረ፣ አንዱ በሌላው ላይ፤ ድምፆቹ እየተደራረቡ ወጡ፤ በመጨረሻ ሁሉም ተራ በተራ እየተወ ኦርጋኑ ብቻ ቀረና በአንድ ሰፊ ድምፅ ላይ ረጋ ብሎ አረፈ። መጥፎ እንዲሆን እየለመንኩ ነበር የሰማሁት። መጥፎ አልነበረም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ባስረዳው የምደሰትበት ዓይነት ውበት ነበር።

መርፌው ተነሳ።

«ጥሩ ነው» አለ አባቴ ዓይኑን ገልጦ። «ረዘም አለ እንጂ ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «በጣም ጥሩ ነው።»

ልጁ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊቱ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያኔ ሲቆም፣ ቀሪው ምን ይመስልዎት ነበር?»

«እኛማ የራሳችን አለን» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞረ። «ንገሪው እንጂ።»

ዕድሉ በእጄ ነበር። በዚያ ሁሉ ሸክላ ውስጥ የሌለ፣ ሪችመንድም ሳን ፓብሎም የማይገኝ ነገር ነበረኝ። ላሰማው እችል ነበር። ግን ካሰማሁት እሱንም ይወስደዋል።

«አላስታውሰውም» አልኩ።

አባቴ አየኝ። አልተቆጣም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር ያየኝ። ከዚያ ባርኔጣውን እያሻሸ ብቻውን አፏጨ። ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ባቲ ቁልቁል። በዚያች ክፍል ውስጥ ያለ እኔ ድምፅ ሲሰማ እንዴት ቀጭን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«እንደገና ጋሼ?» አለ ልጁ።

አባቴ ደገመለት። በሦስተኛው ልጁ ከሥር ማንጎራጎር ጀመረ። ጎበዝ ጆሮ አለው። ማጀብ የሚገባው ከታች መሆኑን ማንም ሳይነግረው አወቀ፤ የእኔን ቦታ ባዶ አገኘና ገባበት። እህቴ ከምንጣፉ ላይ አንድ ቅንድቧን አንስታ ታየኛለች።

ብቻ ተሳስቶ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አንዷን ድምፅ ይዘላታል፤ የተማረው ሙዚቃ ሌላ ስለሆነ ባቲው አልገባውም። አንዴ ዘለላት። ዝም አልኩ። እንደገና ዘለላት። ስህተት እያየሁ ዝም ማለት ከቅናት በላይ የሚያመኝ ነገር ነው።

«አይደለም» አልኩ። «እዚያ ላይ አትዝለላት። ረገጥ አድርጋት፣ ከዚያ ውረድ። ስማ።» አሰማሁት።

«አላስታውስም ብለሽ?» አለች እህቴ።

«አንቺ ዝም በይ። ደግሞ አንተ፣ ከአባቴ ቀድመህ አትውረድ፤ ተከተለው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ...» አስረዳሁት። ስለ ቅኝት፣ ስለ ባቲ፣ እንግሊዝኛ ዘፈን እንዴት በወሎ በር እንደሚወጣ። አባቴ እያፏጨ፣ ልጁ እየተሳሳተ፣ እኔ እያረምኩ ከሰዓቱ አለፈ። በመጨረሻ እህቴም ገባች። አንዲት ድምፅ አልሳተችም፤ ከኋላ ወንበር ስትሰማው የኖረች ሰው ነበር የምትመስለው። እሷን ምንም አላልኳትም።

ሁሉን አስተካከለ ልጁ፣ ከመጨረሻዋ ድምፅ በቀር። እሷን እንደ እንግሊዞቹ ወደ ቤት ያስገባታል፤ ያሳርፋታል። በሩ ላይ ቆማ መቅረት እንዳለባት አልነገርኩትም።

ስንወጣ «ጋሼ፣ ካሴቱን ፊክስ ላድርግልዎት?» አለ። «ቀሪውን እጨምርበታለሁ።»

«ሰውዬዬን ልታጠፋብኝ?» አለው አባቴ ትከሻውን እየመታ። «ተወው። ሌባም ቢሆን ድምፁን ለምጄዋለሁ። ሸክላውን ለመስማት አንተ ጋ እመጣለሁ።»

እመጣለሁ ነው ያለው፣ እንመጣለን አላለም። ይህንንም ልብ አልኩ።

ስንመለስ በሕጉ የእናቴ ጎን ነበር። አባቴ ግን ካሴቱን በእኛ ጎን አስገባው። ፍሪሞንትን ካለፍን በኋላ፣

«መጨረሻዋን ለምን አላረምሽለትም?» አለኝ።

«የቷን?»

«ወደ ቤት ሲያስገባት ዝም አልሽው።»

«አልሰማሁትም።»

«አንቺ? አንቺ አልሰማሽም?»

ዘፋኙ ቃሏን ጀምሮ ግማሽ ላይ ጣላት። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ስለመረጥነው አመሰገነን። አባቴ ቴፑን አጠፋና፣ ፉጨቱን ጀመረ፤ እኔም ከሥር ገባሁ። ወጣን፣ ወረድን። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ አባቴ ከንፈሩን ዘጋና ለእኔ ተወልኝ። በሩ ላይ አቆምኳት።

«ከሰርጉ በኋላ እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ከሰርጉ በኋላ?»

«የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ።»

አባቴ መሪውን በመዳፉ መታና እየሳቀ ካሴቱን ወደ እናቴ ጎን ገለበጠው።